የጀርመን ወርቅና የአያቶቻችን ጠገራ ብር

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሲቃረብ፣ ለዚህ መጽሔት የሚሆን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ የታሪክ መምህራችን አዘዙን፤ ርእሱን የመምረጡንም ነገር ለእኛ ተዉልን። ከመካከላችን ስለ ዓድዋ ጦርነት እንጻፍ ያለ ነበረ፤ ስለ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ይሁን ያለም አልጠፋም። ክርክሩ ሁለት ቀን ያህል ከዘለቀ በኋላ የቈረጠው ሌላ ሳይሆን፣ የአንዲቱ ጓደኛችን አያት በአንገታቸው አስረውት የኖሩት አንድ ጠገራ ብር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማ የመጣ አንድ የጥንት ዕቃ ገዢ ብሩን በእማማ አንገት ላይ አይቶ ይሽጡልኝ አላቸው። «የተጻፈበት ዓመት 1780 ነው፤ በእርግጥ የዚያን ዘመን ከሆነ ብዙ ገንዘብ ያወጣል፤ ካልሆነ ግን የምከፍልዎ እንደ ተራ ብር በሚዛን ነው» ብሏቸው ሄደ፤ እንደሚመለስም ነገራቸው። እማማም የልጅ ልጃቸውን ጠርተው፣ «አንቺ ትማሪ የለም ወይ? በይ ከጓደኞችሽ ጋራ ሆናችሁ የዚህን ነገር ዕድሜ ንገሩኝ» አሏት። እማማ ብሩን ለመሸጥ ያሰቡት ልጅቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ ለስንቅና ለልብስ እንዲሆናት መሆኑን ስለምናውቅ፣ ጥያቄውን እንደ ጨዋታ ልናየው አልቻልንም።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንባቢን አንድ ነገር እናሳስባለን። ከዓመት ቍጥር ቀጥለን ዓ.ም. ብለን ስንጽፍ የአገራችን አቈጣጠር ነው፤ እ.ኤ.አ. ስንል ግን የኤውሮጳውያን ነው። በብሩ ላይ ያለው 1780 የኤውሮጳ ሲሆን በእኛ ከ1772 እስከ 1773 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ያደረግነው ብሩን ይዘን ወደ አንጥረኛ መሄድ ነበር። መጻሕፍት እንደሚሉት የዚህ ብር ሕጋዊ ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ስለዚህ በውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 23 ግራም ተኩል አይሞላም። የእማማ ብር ማንጠልጠያው ወልቆ ሲመዘን 27 ግራም ተኩል ሆነ። የጐደለው ግማሽ ግራም የት ሄደ ብንል፣ በብዙ ሰዎች ጣትና በብዙ ሰዎች አንገት ላይ አልቋል ማለት ነው።

አንጥረኛው ሚዛኑን እየጠረገ ብዙ ነገር አጫወተን። የቀድሞ አንጥረኞች የአንገት መስቀሉን፣ ድሪውን፣ አልቦውን ሁሉ የሚሠሩት ይህን ብር እያቀለጡ ነበር። አንዳንዱም ሳያቀልጠው በሞረድ ቀርጾ መስቀል ያወጣበታል፤ እንዲህ ያለው መስቀል ሲገለበጥ የሴትዮዋ ጠጕር ወይም የንስሩ ክንፍ ዛሬም በጀርባው ይታያል። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት ራሱ የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ነው። እንግዲህ አያቶቻችን ወርቅን የሚለኩት በብር ነበር። ይህ ቃል በኋላ ለምንናገረው ነገር ስለሚረዳ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን።

በብሩ ላይ ያለችው ሴት ማርያ ቴሬዛ ትባላለች። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1717 ሲሆን፣ በ1740 የአባቷን አልጋ ወርሳ የኦስትርያን፣ የሀንጋሪንና የቦሄምያን አገሮች 40 ዓመት ገዝታለች። ባሏ ንጉሠ ነገሥት ፍራንሲስ በ1765 ከሞተ በኋላ እስክትሞት ድረስ የኀዘን ልብስ አላወለቀችም፤ በብሩም ላይ በራሷ ሻሽ ጣል አድርጋ የምትታየው በዚህ ምክንያት ነው። የሞተችው በኅዳር ወር 1780 ነው። በብሩ ጀርባ ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ፤ በጠርዙም ዙሪያ በላቲን ቋንቋ «ኢዩስቲትያ ኤት ክሌሜንትያ» ተብሎ ተጽፏል፤ ትርጓሜው «ፍትሕና ምሕረት» ነው።

ከሴትዮዋ ደረት በታች ሁለት ትንንሽ ፊደሎች አሉ፤ ኤስ እና ኤፍ ናቸው። እነዚህ ሾብልና ፋቢ የተባሉ የሁለት ሰዎች ስም መጀመሪያዎች ሲሆኑ፣ ሰዎቹ በዳኑብ ወንዝ ዳር በምትገኘው በጉንስቡርግ ከተማ የገንዘብ መምቻ ቤት ሹማምንት ነበሩ። ጉንስቡርግ በዚያ ዘመን የኦስትርያ ነገሥታት ግዛት ብትሆንም አሁን በጀርመን አገር በባቫርያ ውስጥ ናት። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው እንግሊዛዊው ሐሪስ ስለ ሸዋ በጻፈው መጽሐፉ ይህን ገንዘብ የጀርመን ገንዘብ እያለ የሚጠራው ያለ ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸብን። ማርያ ቴሬዛ ከሞተችም በኋላ ብሩ መመታቱን አላቆመም። በቀይ ባሕር ወዲያና ወዲህ ያሉ ነጋዴዎች ይህን መልክና ይህን ዓመት ስለ ለመዱ ሌላ አንቀበልም አሉ። የመምቻ ቤቶችም ገበያውን እንዳያጡ ዓመቱን ሳይለውጡ 1780 እያሉ ቀጠሉ። የጉንስቡርግ መምቻ ቤት እ.ኤ.አ. በ1805 ሲዘጋ ቪየናና ሌሎች ከተሞች ያንኑ ኤስና ኤፍ እየጻፉ መቱት። ንጉሠ ነገሥት ፍራንስ ዮሴፍ በ1857 ባወጣው ሕግ ለአገር ውስጥ የሚሆነው ገንዘብ ተለወጠ፤ የማርያ ቴሬዛ ብር ግን ለውጭ ንግድ ብቻ እንዲመታ ተፈቀደ። ፍራንስ ዮሴፍ ለማርያ ቴሬዛ የልጅ ልጅ ልጅ ልጅ ነው፤ እርስዋ ምንዝላቱ ናት። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ይቈጨናል። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1957 በተሠሩት የታወቁ ሦስት ፊልሞች ይህን ፍራንስ ዮሴፍን ሆኖ የተጫወተው ተዋናይ፣ በኋላ በ1981 ሰዎች ለሰዎች የተባለውን ድርጅት የመሠረተውና ድርጅቱም በእኛ በመርሐቤቴ ብዙ የሠራው ካርል ሃይንዝ በም ነው።)

በኋላ ደግሞ ሌሎች መንግሥታት ገቡበት። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትርያ ወስዶ በሮማ ያስመታ ጀመር፤ ሕዝቡ ሊሬውን እንደማይወድለት ያውቅ ነበርና። ወዲያው ፓሪስም ለንደንም ብራስልም መቱ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምባይ መታ፤ ከዚያም በርሚንግሃም ተከተለ። ሁሉም የጻፉት 1780 ነው። በጠቅላላው የተመታው ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ስለዚህ አንድ ሰው ብሩ ላይ 1780 አይቶ «የ1780 ነው» ቢል፣ በሕልም ያየውን ርስት ለመካፈል እንደ መነሣት ይቈጠራል።

ተስፋ ልንቈርጥ ስንል ጓደኛችን ከእማማ አንድ ቃል ይዛ መጣች። ብሩ ለእማማ እናት የተሰጠ ጥሎሽ ነው፤ ሠርጉም የተደረገው ጠላት አገራችንን ከመውረሩ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። እንግዲያስ የሮማም፣ የለንደንም፣ የቦምባይም ሊሆን አይችልም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ኋለኛ አጋማሽና በሃያኛው መጀመሪያ ይህን ብር ትመታ የነበረችው ቪየና ስለ ሆነች፣ የእማማ ብር የቪየና ሥራ መሆኑ ከሁሉ ይልቅ ይቀርባል። ብረቱ ሊነግረን ያልቻለውን ዕድሜ የሠርግ ወሬ ነገረን።

ይህን ይዘን በደስታ ወደ መምህራችን ሄድን። እርሳቸው ግን፣ «ዕድሜውን አገኛችሁ፤ በዚያ ዘመን ምን ያህል ያወጣ እንደ ነበረ ግን አላገኛችሁም። ደግሞስ በሕይወቱ ላይ የደረሰበትን አደጋ ታውቃላችሁ?» አሉን። ብር ምን አደጋ ይደርስበታል ብለን ተሣሣቅን። መምህራችን አንድ መጽሐፍ ገልጠው የአንድ የወርቅ ገንዘብ ሥዕል አሳዩን። ይኸውም ባለ 20 ማርክ የጀርመን ወርቅ ነበረ።

ወርቁ ትንሽ ነው፤ ስፋቱ 22 ሚሊሜትር ተኩል፣ ክብደቱ 8 ግራም አይሞላም፤ ከዚያም ውስጥ ንጹሑ ወርቅ 7 ግራም ከጥቂት ነው። በአንድ ወገን የባቫርያው ንጉሥ ዳግማዊ ሉድቪግ መልክ፣ በሌላው ወገን የጀርመን መንግሥት ንስር አለበት። በጠርዙም ላይ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋራ ነው» የሚል በጀርመንኛ ተጽፏል። ባቫርያ ማለት ጉንስቡርግ ያለችበት፣ እንደዚሁም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለከተማችን ለዓለም ከተማ እኅት የሆነችው ፋተርሽቴተን የምትገኝበት አገር ነው። የእማማ ብር መጀመሪያ የተወለደበትና ይህ ወርቅ የታተመበት አገር አንድ መሆኑ አስገረመን። ይሁን እንጂ ሁለቱ ገንዘቦች ወዳጆች አልነበሩም።

ጀርመን እ.ኤ.አ. እስከ 1871 ድረስ አንድ መንግሥት አልነበረችም። ንጉሡ ሁሉ፣ መስፍኑ ሁሉ የየራሱን ገንዘብ ያስመታ ነበር፤ አብዛኛውም ታለር የሚባል የብር ገንዘብ ነው። ይህ ስም የመጣው በቦሄምያ ካለችው ከዮአኪምስታል ሲሆን፣ በዚያ ሸለቆ ከ1520 አካባቢ ጀምሮ ብር ይቈፈርና ገንዘብ ይመታ ነበር፤ ታል ማለት ሸለቆ ነው። የእኛው ጠገራም ከታለር ወገን ነው፤ የአሜሪካኖች ዶላርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በ1870 ፕሩስያና የጀርመን አገሮች ፈረንሳይን ወጉ፤ አሸነፉም። በተከታዩ ዓመት የጀርመን ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ተመሠረተ፤ ፈረንሳይም 5 ሚሊያርድ ፍራንክ የጦርነት ካሣ እንድትከፍል ተፈረደባት። ጀርመኖች በዚህ ኀይል ተመክተው፣ በታኅሣሥ 1871ና በሐምሌ 1873 ባወጧቸው ሁለት ሕጎች የገንዘባቸውን መሠረት ከብር ወደ ወርቅ አዛወሩት። የሉድቪግ መልክ ያለበት ወርቅም የዚህ ሕግ ልጅ ነው። ከፈረንሳይ ካሣ ተቀንሶ 120 ሚሊዮን ማርክ ወርቅ በበርሊን አጠገብ በሽፓንዳው ምሽግ በዩልየስ ግንብ ውስጥ ለጦርነት ጊዜ ተቀመጠ። አስልተን ብናየው ይህ 43,000 ኪሎ ያህል ንጹሕ ወርቅ ነው። ባላገር ብሩን በማሰሮ አድርጎ ሲቀብር ይሥቁበታል፤ መንግሥት ሲያደርገው ግን ግምጃ ቤት ይባላል።

ወርቁ ሲገባ የቀድሞው ብር ምን ይሁን? ጀርመን ከ1873 እስከ 1879 ድረስ የሰበሰበችውን ብር እያቀለጠች ለዓለም ገበያ ሸጠችው። ፈረንሳይና ጓደኞቿም ይህ ሁሉ ብር ወደ እነርሱ እንዳይጐርፍ ፈርተው የብር ገንዘብ መምታትን መጀመሪያ ወሰኑ፣ ኋላም አቆሙ። አሜሪካም በ1873 ሕግዋን ወደ ወርቅ አዘነበለች። በዚያው ዘመን ደግሞ በአሜሪካ ኔቫዳ አገር አዲስ የብር ማዕድን በብዛት ይወጣ ነበር። ጥፋቱን ሁሉ በጀርመን ላይ ብንጭን ፍርድ ማጓደል ይሆንብናል፤ በሩን መጀመሪያ የከፈተችው ግን እርስዋ ናት። ብር በየቦታው ሻጩ በዛ፣ ፈላጊው አነሰ። በለንደን ገበያ እ.ኤ.አ. በ1870 አንድ ወቄት ብር 60 ፔንስ ያህል ነበረ፤ በ1900 ግን 28 ፔንስ ያህል ሆነ። (የለንደን ወቄት ከእኛ ጥቂት ይበልጣል።)

ይህን በራሳችን ሒሳብ አጣራነው። በ1870 አንድ እጅ ወርቅ በ15 ተኩል እጅ ብር ይለወጥ ነበር፤ በ1900 ግን 33 እጅ ብር አስፈለገው። የ20 ማርኩ ወርቅ በመጀመሪያው ዋጋ 5 ጠገራ ብር አይሞላም፤ በሁለተኛው ዋጋ ከ10 ጠገራ ይበልጣል። ወርቁ ያው ወርቅ ነው፤ ጠገራውም ያው 28 ግራም ነው። በጥሎሽ የተሰጠው፣ በማሰሮ የተቀበረው፣ በአንገት የታሰረው ብር ሁሉ ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳይሰርቀው ግማሽ ዋጋው ሄደ። ይህን ያደረገውን የጀርመን ወርቅ ጀማን ተሻግሮ ወደ እኛ ደጋ ሲወጣ ያየው ሰው ግን አልነበረም።

የጓደኛችን ወንድም ይህን ስናነብለት፣ «ታዲያ ለመርሐቤቴ ባላገር ምን ጐደለበት? እርሱ ማሽላውን በጨው ይለውጣል» አለን። ነገሩ እውነትነት አለው። ጠገራ ብር ለዕለት ገበያ ትልቅ ነበር፤ ሊመነዘርም አይችልም። የመንዝ ሰው ባናውንና በጉን፣ የእኛ ሰው ጤፉንና ማሽላውን ይዞ ሲገናኝ ለትንሹ ነገር የሚሠራው አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ የሚመጣው ከአፋር በረሃ ስለ ሆነ፣ ከጨው አገር በራቀ ቍጥር ይወደድ ነበር፤ ዝናም እንዳይነካውም ሲጠበቅ ይኖር ነበር። በአንዳንድ አገርም ጥይት እንደ ገንዘብ ይሰጥና ይቀበል ነበር። ጠገራ የሚወጣው ለበሬ፣ ለበቅሎ፣ ለጥሎሽ፣ ለግብር ነው። ሳንሸሽግ መናገር ካለብን ደግሞ፣ ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ ከታጁራና ከምፅዋ ወደብ ወደ እኛ የወጣው ጠገራ ሁሉ በቡና፣ በዝሆን ጥርስ፣ በዝባድና በሰም ብቻ የመጣ አይደለም።

ስለዚህ የብር መርከስ ለባላገሩ ገበያ ቶሎ አልታየውም። የታየው ከባሕር ማዶ ዕቃ ለሚገዛው ነው፤ በዚያን ጊዜም ከባሕር ማዶ ከሁሉ ይበልጥ የሚፈለገው ዕቃ ጠመንጃ ነበር። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ የሚሰበስቡበት ዘመንና ብር የሚረክስበት ዘመን አንድ ነው። ጠመንጃውን የሚሸጡት ሰዎች ሒሳባቸው በፍራንክና በሊሬ ነው፤ የምኒልክ ገቢ ግን ጠገራና የዝሆን ጥርስ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ከታጁራ ጠመንጃ አስጭኖ በአንኮበር በኩል እንጦጦ ሲደርስ፣ ክርክሩ ሁሉ በጠገራ ብር ነበር፤ በመጨረሻም ምኒልክ በእጁ ገንዘብ አልሰጡትም፣ ሐረር መኰንን ዘንድ ሄዶ እንዲቀበል ሐዋላ ጻፉለት። ራምቦ በዚህ ንግድ እንዳልተጠቀመ በደብዳቤዎቹ አማርሯል። እኛ ግን የብርን ዋጋ ካጠናን በኋላ ምኒልክ ለምን እንዲያ አጥብቀው እንደ ተከራከሩ ገባን። የአንድን ጠመንጃ ዋጋ 20 ማርክ ነው ብንል፣ በአባታቸው ዘመን 5 ጠገራ የማይሞላው ዕቃ እየዋለ ሲያድር 10 ሊሆን ነው። ለዓድዋ የተሰለፈው ጠመንጃ በዚህ ሁሉ ላይ የተገዛ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

እርግጥ ነው፣ የረከሰ ብር ለሻጭ ይጠቅማል። ቡናና ቆዳ ወደ ወደብ የሚያወርድ ነጋዴ በወርቅ አገር ሲሸጥ በቀድሞው ዋጋ ብዙ ጠገራ ያገኛል፤ የቪየናም መምቻ ቤት ብር ላመጣለት ነጋዴ ሁሉ ስለሚመታ ጠገራው ወደ አገራችን እንደ ልብ ይጐርፍ ነበር። ትርፉ ግን በመንገድ ላይ ስንት ኬላና ስንት እጅ አልፎ ባላገሩ ዘንድ እንደሚደርስ አንባቢ ይገምተው።

ደግሞ ብሩ ቢረክስም ባይረክስም ምንም የማያደርግበት ጊዜ ነበር። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ክፉ ቀን በተባለው ዘመን የከብት በሽታ በምፅዋ በኩል ገብቶ በሬውን ሁሉ ፈጀው፤ የሚያርስ ጠፋ፤ ረኃብ ሆነ። በዚያን ጊዜ ጠገራ ያለው ሰው ጠገራውን ይዞ እህል ያጣ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ የኢትዮጵያ ገንዘብ እንዲመታ አዘዙ፤ ብሩም ፓሪስ ተመትቶ መጣ። በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው ወገን አንበሳ አለበት፤ ክብደቱም ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋራ እኩል እንዲሆን ተደርጓል። ለምንዛሪ የሚሆኑ አላድ፣ ሩብና ተሙን ነበሩት። እዚህ ላይ በመካከላችን ጠብ እስኪመስል ድረስ ተከራክረናል። አንዱ ወገን፣ «ብር መርከሱን እያዩ ምኒልክ ለምን እንደ ጀርመን ወርቅ አላስመቱም? ወርቅ በአገራችን ይገኛል» አለ። በ1889 ዓ.ም. የተጻፈባቸው ወርቅ የተባሉ የምኒልክ ገንዘቦች መኖራቸውም እውነት ነው። ሌላው ወገን ግን፣ ሕዝቡ የምኒልክን የብር ገንዘብ እንኳ ከሞተች መቶ ዓመት ካለፋት የባዕድ ንግሥት ብር አሳንሶ ሲቀበል፣ ወርቁን ማን ያውቅላቸዋል ሲል መለሰ። ይህ ሁለተኛው አሳብ ለብዙዎቻችን በለጠብን። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲንያ ባንክም የምኒልክን ብር ለማስለመድ ብዙ ደክሟል፤ ማርያ ቴሬዛን ከገበያ ሊያስወጣት ግን አልቻለም።

ሕዝቡ ለምን እርስዋን ብቻ አመነ? ስምዋ ማርያም ስለ ሆነ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን አያቶቻችንን በዚህ ብቻ አናማቸውም። ብር ሲቀበሉ ዝም ብለው አይቀበሉም ነበር፤ የራስዋን ጌጥና የትከሻዋን ዕንቈች ይቈጥራሉ፣ ኤስና ኤፍ መኖራቸውን ያያሉ፣ ፊቷ የተፋቀውን ይመልሳሉ። ከሁሉም ይልቅ ጠርዙን በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ በጠርዙ ዙሪያ ጽሕፈት ስላለበት አጭበርባሪ ዳሩን ቢሸርፈው ወዲያው ይታወቃልና። ላቲን የማያነብ ባላገር «ፍትሕና ምሕረት» የሚለውን በጣቱ ያነበው ነበር ብንል አልዋሸንም።

ጀርመኖች ይመኩበት የነበረው ወርቅ መጨረሻው አላማረም። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንደ ተጀመረ፣ በነሐሴ 1914 እ.ኤ.አ. ወረቀት ያመጣ ሰው ወርቅ ይሰጠው የሚለው ሕግ ተሻረ። ሕዝቡም በእጁ ያለውን ወርቅ ለመንግሥት እንዲያስረክብ ተለመነ። ከጦርነቱ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በ4 ማርክ ከ20 ፔኒግ ይገዛ ነበር፤ በኅዳር 1923 ግን 4,200,000,000,000 ማርክ ተጠየቀበት። ቍጥሩን ስንጽፍ ዜሮ ተሳስተን ይሆን ብለን ሦስት ጊዜ ቈጥረናል። በዚያው ዓመት በእኛ ደጋ ገበያዎች ጠገራ ብር በሬ ይገዛ ነበር።

የጠገራም ተራ ደረሰ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ፤ ወረቀቱ ከሳንቲሞች ጋራ ሆኖ ጠገራን ከሕግ ገበያ አስወጣው። ሕዝቡ ወረቀቱን እንዳይፈራው 50 ሳንቲሙ ከብር ተሠርቶ ነበር። ስሙን ግን ጠገራ ለወረቀቱ አውርሶት ሄደ፤ ብር የሌለበትን ገንዘብ ዛሬም ብር የምንለው ከዚያ የተነሣ ነው።

ይህን ሁሉ ጽፈን ወደ እማማ ቤት ሄድን። ብሩ የ1780 ነው ለማለት ማስረጃ እንደሌለን፣ ምናልባትም በምኒልክ ዘመን ወይም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በቪየና የተመታ መሆኑን፣ ስለዚህ ገዢው ከሚዛን ዋጋ ብዙ እንደማይጨምርላቸው እያፈርን ነገርናቸው። እማማ አልተቈጡም። «እናቴ ስትሰጠኝ ዓመቱን መች ጠየቅኋት» አሉ። ቡና እየቀዱልን ስለ ጀርመን ወርቅ አጥብቀው ጠየቁን፤ እንዴት ወረቀት ሆኖ እንደ ቀረ ስንነግራቸውም፣ «አዬ፣ እነርሱስ ምን በሉ?» አሉ።

በሳምንቱ ገዢው ተመለሰ። ብሩን በትንሽ ሚዛኑ ላይ አድርጎ፣ «26 ግራም ነው፤ ደግሞም አሮጌ አይደለም» አላቸው። እማማም፣ «አሮጌ አለመሆኑን ልጆቹ ነግረውኛል፤ ግን 27 ተኩል ነው ብለዋልና ሚዛንህን አስተካክል» አሉት። ሰውየው ድጋሚ መዘነ፤ 27 ተኩል ሆነ። ዋጋውንም ጥቂት ጨመረ። እማማ ግን ሚዛኑ ሁለት ቃል ከተናገረ ሰው ጋራ አልገበያይም ብለው ብሩን አነሡት። ጓደኛችን ዩኒቨርሲቲ የምትገባው በሚመጣው ዓመት ነው፤ ለስንቋ አንድ በግ ይሸጥላታል ተብሏል። ብሩ ማንጠልጠያው ተመልሶለት፣ አንጥረኛውም ለሥራው ዋጋ ሳይቀበል፣ እንደ ቀድሞው በእማማ አንገት ላይ ነው።